ከአንገት በላይ አልስቅም

ኮስትሬ የሚለውን ስም ያወጡላት የድሮ የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ሲሰፉ ኖረው እንኳ፣ “ጥርሷን ያየ ካለ እጁን ያውጣ!” ይባባሉ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም። ፊቷ እንዲያ ሆኖ ተሠራ እንጂ፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። ፋብሪካው ተዘጋና ሁሉም በየፊናው ተበተነ፤ ኮስትሬም ታናሽ እህቷ ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ቀረች።

ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ነው ጉዱ የፈላው። ለካ ዘመኑ ተለውጦ ኖሯል። መስፋት መቻል ብቻ አይበቃም፤ ሥራውን እንደምትወጂ ማሳየት አለብሽ ይባላል፤ የሚታየው ደግሞ በጥርስ ነው። እህቷ መስታወት ፊት አቁማ ታሠለጥናት ጀመር።

“እታለም፣ እስቲ ሳቅ በይ። ‘እናንተ ጋ መሥራት የዘወትር ሕልሜ ነበር’ በይ።”

“መኖራቸውን የሰማሁት እኮ ትናንት ነው።”

“ቢሆንስ? ማን ይጠይቅሻል!”

ለእህቷ ስትል አደረገችው። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ሕልሟን እንደ በቀቀን ደገመችና ፈገግ አለች። ጠያቂው ወረቀቱን አስቀምጦ፣ በሐዘኔታ፣ “ጥርስዎን ያምዎታል እንዴ?” አላት። ሁለተኛው ቦታ ላይ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታይዋለሽ ተባለች። “ስፌት ላይ” አለች። ተነሳሽነት ይጎድላታል ተብላ ተመለሰች። ልብስ ሰፊ ከስፌት ሌላ ምን እንድትል ነበር የፈለጉት? እኔን ይግረመኝ!

በዚህ መሃል የእህቷ ባል ወሬ ይዞ መጣ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ዘመድ አለው፤ ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋል፤ መልሱን የሚጠብቀው እስከ ቅዳሜ ነው። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ሶፋው ግን ናፍቆታል።

“የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ እትዬ” አላት እየሳቀ።

ኮስትሬ አልሳቀችም። እዚያ ሱቅ ከገባች፣ ከእንግዲህ መርፌ የምትይዘው የራሷን ቁልፍ ለመትከል ብቻ እንደሚሆን ታውቃለች።

ዓርብ ጠዋት አንድ ቬሎ ቤት ጠራት። የሙሽራ ልብስ የሚሰፋበትና የሚከራይበት ቤት ነው። ፎቁ ላይ፣ ግድግዳው ሁሉ ነጭ በነጭ የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ፣ ባለቤትየዋና ክራቫት ያሰረው የእህታቸው ልጅ ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ እሱ ነው።

“ለምን እኛን መረጡ? እስቲ ፍላጎትዎን ያሳዩን” አላት።

ኮስትሬ አፏን ከፈተች። ያቺ የሕልም ነገር ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣች፤ ከዚያ ዋጠቻት። በቃት!

“እኔ መች መረጥኳችሁ? እናንተ ናችሁ የጠራችሁኝ። ሥራውን ግን እፈልገዋለሁ።”

“አይመስሉማ። እዚህ የሚመጡት ሙሽሮች ናቸው። እኛ የምንሸጠው ደስታ ነው። ፊትዎ ደግሞ…”

“ፊቴ ምን ሆነ? ስሰፋ እስፒሉን የምይዘው በከንፈሬ ነው። ስድስት ሰባት እስፒል በከንፈሯ ይዛ የምትስቅ ሴት ካለች፣ የምትገኘው ሐኪም ቤት ነው!”

ባለቤትየዋን ሳል ቢጤ አፈናቸው።

ኮስትሬ ተነሥታ የለበሰችውን ቀሚስ ጫፍ ያዘች። “ይኸውላችሁ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የምሰፋው ጨርቅ ስላጣሁ፣ እጄ እንዳይረሳ ብዬ ይህንኑ ቀሚስ እየፈታሁ መልሼ እሰፋዋለሁ። እህቴ ሥራ ስትሄድ እፈታለሁ፤ አበደች እንዳትለኝ ከመምጣቷ በፊት እሰፋለሁ። ሥራ መውደድ ይህ ካልሆነ እኔ አላውቀውም። ከአንገት በላይ ሳቅ ከፈለጋችሁ ግን ከተማው ሙሉ ነው፤ አንዷን ጥሩ።”

ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ መንቀጥቀጡ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ሥራ አስኪያጁ “እንግዲህ እንደውላለን” ሊል ሲል አክስቱ በእጃቸው ከለከሉት።

“ሰኞ ጀምሪ” አሏት። “ግን እስቲ ለእኔ ስትዪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፈገግ በይልኝ።”

ቀላል ነገር ነበር፤ ከንፈርን ገለጥ ማድረግ ነው። አንድ ሰው ሥራ ላግኝ ብሎ ምን የማያደርገው አለ? ኮስትሬ ግን፣ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ ልቧ ገና አላመነም፤ ቢያምንም ደግሞ በትእዛዝ አትስቅም።

“ሰኞ ልምጣና የሚያስቅ ነገር ካየሁ እስቃለሁ፣ እትዬ።”

ሥራ አስኪያጁ ኮርኒሱን አየ።

“ሁለት ሰዓት ነው የምንከፍተው” አሉ ሴትየዋ።

“አንድ ተኩል ላይ በሩ ላይ ነኝ።”

መንገድ እንደወጣች ግድግዳ ተደግፋ ለእህቷ ባል ደወለች።

“ለዘመድህ ሌላ ሰው ይፈልግ በለው።”

“ምነው እትዬ? እምቢ ማለትሽ ነው?”

“አዎ፣ እምቢ! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ!” አለች፤ ጩኸቷን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አያት።