የሰንበሌጥ ጦር

ከሞጣ ወጥቶ ወደ ዓባይ ገደል የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በቀኝ በኩል አንድ የኮርች ጫካ ያገኛል። ጫካ ይባል እንጂ እንደ ሌላው ጫካ አይደለም። ዛፎቹ የቆሙት በረድፍ በረድፍ ነው። ከፊት ሲያዩዋቸው አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፤ ከጎን ሲያዩዋቸው መስመራቸው ዝንፍ አይልም። እንግዳ መንገደኛ የችግኝ ጣቢያ ይመስለዋል። የአገሩ ሰው ግን እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከብቱንም አያሰማራበትም። ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ቅጠል የሌለው አንድ ደረቅ ግንድ አለ። የፋንታን ነገር ለማወቅ የፈለገ መጀመሪያ ያንን ግንድ ማየት አለበት።

ፋንታ ገበሬ ነበር። ጥማድ በሬ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ የምትገኝ ጤፍ የምታበቅል መሬት፣ ካሰች የምትባል ሚስትና አዳሙ የሚባል አንድ ልጅ ነበሩት። ከእርሻው ሌላ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነበረው፤ ለለቅሶ ምስል ይሠራል። በዚያ አገር ሰው በሩቅ ሞቶ ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ የለቅሶው ሜዳ ባዶ እንዳይሆን የሟቹ ምስል ይቆማል። ፋንታ እንጨቱን አቁሞ፣ ሰንበሌጡን ጠቅልሎ አስሮ፣ የሟቹን ልብስ አልብሶ፣ በትሩን ወይም ጠመንጃውን አስይዞ ሲያቆመው፣ ዘመድ ገና ከሩቅ አይቶ ደረቱን ይመታል። የሥራው ደንብ አጭር ነው። ምስል በሟቹ ቁመት ይለካል። ስሙ ተጠርቶ ይለቀስለታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈርሳል። ስም ሳይወጣለት የቆመ፣ ሳይለቀስለት ያደረ ምስል ሰው ይጠብቃል ይሉ ነበር አባቱ፤ ማንን እንደሚጠብቅ ግን ነግረውት አያውቁም።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከወሎ የተሰደደ ሰው በሞጣ ገበያ ጥግ ጥጉን ተኮልኩሎ በነበረበት ዓመት፣ መንግሥት በአፋፉ ላይ ጦር ሰፈር ሠራ። የአካባቢው ባሕር ዛፍ ሁሉ ተጨፍጭፎ ለሰፈሩ ማገርና ወጋግራ ሆነ። ቆርቆሮው፣ አልጋው፣ ጫማው፣ የታሸገው ሥጋ በመኪና እየተጫነ መጣ። ጤፉና በሬው ከገበሬው ተዋጣ። ይህ ሁሉ ለማን ነው ቢባል፣ በጎረቤት አገር ያለውን መንግሥት ሊወጉ ለሚሠለጥኑ የባዕድ አገር ታጋዮች ነው ተባለ።

ታጋዮቹ መጡ። ረዣዥምና ዝምተኞች ነበሩ። ብርዱ ስለማይስማማቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው ፀሐይ ላይ ይቆማሉ እንጂ ሲሠለጥኑ ያያቸው የለም። አስለቃሿ ይርጋነሽ፣ ምላሷ የማይፈራ ሴት፣ ቀበሌው ፊት ቆማ እንዲህ አለች።

«የእኛን ልጅ አፍሶ ሰው አገር ይልካል፣ የሰው አገሩን ልጅ እኛ ጓዳ ያስገባል። እኔ የምለው፣ እንዲያው ብንለዋወጥ አይቀልም ነበር?»

ሰው ሳቀ። ካሰች ግን አልሳቀችም። አዳሙ በብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ብቸና ተዘግቶበት ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ታጋዮቹ ጠፉ። ብርድ ልብሳቸው ተጣጥፎ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ጫማቸው በሰልፍ ተደርድሯል። ባዶ እግራቸውን የሄዱበት ዱካ እስከ ገደሉ አፋፍ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቁልቁል የወረደም፣ ወደ ኋላ የተመለሰም ዱካ የለም። በገደሉ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችም አላየንም አሉ። የሰፈሩ አዛዥ ሻምበል ሣህለ ማርያም ወሬው እንዳይወጣ አዘዘ። ስንቁም መምጣቱን አላቋረጠም። ጤፉ በመጋዘን ይሻግታል፣ የታሸገው ሥጋ ቆርቆሮው ያብጣል። አሥር አለቃው ጎሕ ሲቀድ ባዶው ሜዳ ላይ ቆሞ «ተጠንቀቅ! ቀኝ ኋላ ዙር!» እያለ ይጮሃል። መንደሩ ትእዛዙን ይሰማል፤ የሚዞር እግር ግን አይሰማም። እርጉዝ ሴቶች በዚያ በኩል ውኃ መቅዳት ተዉ።

በሚያዝያ ሻምበሉ ፋንታን አስጠራው። ሰውዬው ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም።

«አባት፣ ምስል ትሠራለህ አሉኝ።»

«ለሙት እሠራለሁ።»

«ለእኔ ሥራልኝ። ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን ሠራዊቱን ሊጎበኝ ይመጣል። ከሜዳው ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኖ በመነጽር ነው የሚያየው፤ የተኩስ ልምምድ ስላለ መቅረብ አይቻልም እለዋለሁ። ሜዳው ባዶ መሆኑን ካየ ግን እኔን እዚሁ ነው የሚያስረሽነኝ።»

«ጠፉ ብለው ለምን እውነቱን አይናገሩም?»

«ይህ ሁሉ ስንቅ ከወጣ በኋላ?» አለ ሻምበሉ፣ በእጁ ወደ መጋዘኑ እያመለከተ። «ማን በላው ሲሉኝ ማንን ላሳይ?»

ፋንታ ቀጥሎ የተናገረውን ኋላ ዕድሜ ልኩን ሲያስታውሰው ኖሯል። «ልጄ ብቸና ነው። እሱን አምጥተው እጄ ላይ ካላስረከቡኝ ጣቴ ገመድ አይነካም።»

«ከጉብኝቱ በኋላ አስመጣልሃለሁ።»

«የለም፤ በፊት። ረዳት እፈልጋለሁ። ሥራው የብዙ ሰው ነው።»

በሦስተኛው ቀን አዳሙ በወታደር መኪና ከብቸና መጣ። ካሰች ልጇን አገላብጣ ሳመች፤ ፋንታም መንግሥትን ተከራክሮ እንደረታ ሰው ደረቱን ነፍቶ በመንደሩ መካከል አለፈ። አልተሳሳተም ማለት ይከብዳል፤ በዚያች ዕለት ግን ከእሱ የበለጠ ብልህ አባት በአገሩ አልነበረም።

የመንደሩ ጎረምሶች ሰንበሌጥ እንዲያጭዱና እንጨት እንዲቆርጡ ታዘዙ። ባሕር ዛፉ አልቆ ስለነበር ከየአጥሩ ኮርች ቆረጡ። አሁን የቀረው ልኩ ነበር። ምስል ያለ ልክ አይሠራም፤ የጠፉትን ሰዎች ቁመት ደግሞ የለካ የለም። ረዣዥም እንደነበሩ ብቻ ነው የሚታወቀው። በመንደሩ ደግሞ ከአዳሙ የሚረዝም አልነበረም።

«እስቲ እዚህ ቁም» አለው ፋንታ። መለኪያ መጫኛ ገመዱን ከተረከዙ እስከ አናቱ ዘርግቶ ቋጠሮ አሰረበት።

ካሰች ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ቋጠሮውን አይታ ሞሰቡን መሬት ላይ ጣለችው።

«አንተ ሰው፣ በቁሙ ያለ ሰው ለምስል ይለካል እንዴ?»

«ለለቅሶ አይደለም እኮ ካሰች። ማሽላ ላይ ወፍ እንደሚያባርረው ቁጠሪው።»

«ወፍ ማባረሪያ መቼ ገመድ ተጎትቶበት ያውቃል? ሌላ ልክ ፈልግ።»

«ሌላ ረጅም ሰው አምጪልኝና እለካዋለሁ።»

አዳሙ ሳቀባቸው። የመጀመሪያው ምስል ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ሲቆም አጠገቡ ሄዶ ትከሻውን አቀፈው። «አባዬ፣ ይኼኛው ከእኔ ይሻላል። ምሳ አይጠይቅም።»

ከጎረምሶቹ አንዱ «እንዴት አይጠይቅም? ስንቁ በስሙ ይመጣለት የለም ወይ!» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ አሥር አለቃው ወደ እነሱ ዞር ሲል ሥራቸውን ቀጠሉ።

የቀሩት ሁሉ በዚያው ቋጠሮ ተለኩ። ረድፍ በረድፍ ሆነው ሜዳውን ሞሉት። የጠፉትን ሰዎች ልብስ ለበሱ፣ የጠፉትን ሰዎች ጫማ በሰንበሌጥ እግራቸው ላይ አደረጉ፣ የብረት ቆብ ደፉ። ፊት አልተሠራላቸውም። የፋንታ እጅ ግን አንድ ነገር አደረገ፤ ሳያስበው ሁሉንም የግራ ትከሻቸውን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ሠራቸው። አዳሙ እንዲያ ነው የሚቆመው።

ከዚያ ወዲያ በሬዎች በሜዳው ዳር አንሄድም ብለው ያምፁ ጀመር። ቁራ ሲያልፍ ይጮሃል እንጂ አያርፍባቸውም። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ሳይታወቃቸው «ደህና ዋላችሁ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ፣ ጥቂት ሄደው ደግሞ ያማትባሉ። በጉብኝቱ ዋዜማ ጠዋት አሥር አለቃው ወጥቶ እንደ ልማዱ «ተጠንቀቅ!» አለ። በዚያን ቀን መንደሩ የሰማውን ብዙ ሰው ይመሰክራል። ብዙ ጫማ አንድ ጊዜ መሬት መታ። አሥር አለቃው «አሳርፍ» ሳይል እዚያው ቆሞ ቀረ። ፋንታ ሲደርስ የምስሎቹ ሁሉ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነክቶታል። ዝናብ ግን አልዘነበም ነበር።

ባለሥልጣኑ መጣ። ከገደሉ የወጣው ጉም ሜዳውን ግማሽ በግማሽ ሸፍኖት ነበር። ፋንታና ልጁ ከመጋዘኑ ኋላ ሆነው ኮረብታውን ይመለከታሉ። ሰውዬው መነጽሩን አነሳ። ነፋስ ተነሣና ባዶውን እጅጌ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ላይ ገፋው፤ ከሩቅ ለሚያይ የወታደር ሰላምታ ነው። ባለሥልጣኑ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ እሱም እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ፤ ሳይቆይም መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

«አለቀ» አለ ፋንታ። «ነገ ጠዋት እናፈርሳቸዋለን። ከዚያ ቤታችን ነን።»

በማግስቱ ጠዋት ግን ባዶ የጭነት መኪናዎች መጡ። ባለሥልጣኑ በሠራዊቱ ብቃት እጅግ ስለ ተደሰተ ባስቸኳይ ወደ ድንበር ይንቀሳቀስ ብሎ አዟል። ሻምበሉ ፊቱ አመድ መስሏል። መኪናዎቹን አየ፣ ምስሎቹን አየ፣ ቀጥሎም ለማፍረስ የተሰበሰቡትን ጎረምሶች አየ።

ፋንታ የሆነውን የተረዳው ወታደሮቹ የምስሎቹን ልብስ ማውለቅ ሲጀምሩ ነው። ልብሱ እየተገፈፈ ለጎረምሶቹ ይታደላል። ለአዳሙ የደረሰው ከረድፉ ጫፍ የቆመው ምስል ልብስ ነበር።

«ሻምበል!» አለ ፋንታ። «ቃል ገብተውልኛል! ልጄን እጄ ላይ አስረክበውኛል!»

«አስረክቤህ ነበር» አለ ሻምበሉ፣ ቀና ብሎ ሳያየው። «የተቆጠረ ሠራዊት ነው አባት። እነሱን ካልጫንኩ የምጫነው እኔ ነኝ። ለዚያውም በሕይወት አይደለም።»

አዳሙ መኪናው ላይ ቆመ። ልብሱ በልኩ ነበር፤ እጅጌው አላጠረ፣ ሱሪው አልሰፋ። ሌሎቹ በተዋሱት ልብስ ውስጥ ሲዋኙ እሱ ብቻ ለእሱ የተሰፋለት ይመስል ነበር። ከአንገትጌው ሰንበሌጥ ወጥቷል። ፋንታ ተንጠራርቶ ሊነቅልለት ያዘና ሳበው፤ ሰንበሌጡ ግን እየረዘመ፣ እየረዘመ መጣ እንጂ አላለቀም። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ጫፉ እጁ ላይ ተበጥሶ ቀረ።

ምስሎቹን የሚያፈርሳቸው ጠፋ። ክረምቱ ገባ፤ ሰንበሌጡ በስብሶ ወደቀ፤ እንጨቶቹ ብቻ ቀሩ። ኮርች ተቆርጦ ቢተከል እንደሚይዝ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ፋንታ ግን በነሐሴ ሜዳው ሁሉ ለምልሞ ባየ ጊዜ ግንዱን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ዞረ። ከጫፍ የቆመው አንዱ ብቻ አላቆጠቆጠም። በበጋው ሌሎቹ ቀይ አበባ አወጡ፤ እሱ እንደ ደረቀ ነው። ፋንታ ከምንጭ ውኃ እየቀዳ ማጠጣት ጀመረ። ሰፈሩ ተዘጋ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ የተሻገተው ጤፍ ገደል ተጣለ። እሱ ውኃ ይቀዳል። ከልጁ ደብዳቤም፣ የሞት ወሬም አልመጣም።

ደርግ በወደቀበት ዓመት የተበተነው ወታደር በሞጣ በኩል በእግሩ ሲያልፍ፣ ካሰች መንገድ ዳር ቆማ እያንዳንዱን ጠየቀች። ከጎረምሶቹ የተመለሱ ነበሩ። አዳሙን ግን ከመኪናው ከወረድን ወዲህ አላየነውም አሉ። መንገደኛው አልቆ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ባሏ ፊት ቆመች።

«እስከ መቼ ነው የምታጠጣው? ይለቀስልኝ። ስሙን ጥራልኝና ይብቃኝ።»

ፋንታ እሺ አለ። ሌላ ምስል መሥራት አላስፈለገውም፤ ቆሞለታል። ይርጋነሽ ተጠራች፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰበሰበ። ካሰች የልጇን ጋቢ አምጥታ በደረቁ ግንድ ላይ አደረገችው። ፋንታ ለብዙ ሰው ልጅ እንዳደረገው ፊቱ ቆመና የገዛ ልጁን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። ይርጋነሽ አስለቀሰች፤ አገር ተንጫጫ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ማፍረስ አለበት። ጋቢውን አውርዶ ለካሰች ሰጠ፤ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም። እንደገና ሳበው። ሰዎች ሊረዱት ቀረቡ፤ በእጁ ከለከላቸውና ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ጫረ።

ለረጅም ጊዜ አልተነሣም።

«ምንድን ነው አያ ፋንታ?» አለች ይርጋነሽ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ፀሐይ ገባች እኮ።»

«ይዟል» አለ ፋንታ። «ሥሩ እርጥብ ነው።»

ካሰች መጥታ ከጎኑ ተቀመጠችና እጇን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች። እጇን ቶሎ አላወጣችውም። ሰዉ ተያየ፤ ለቅሶ በእኩሌታው ሲቆም አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ፋንታ አፈሩን መልሶ በእጁ ደለደለው፤ ተነሥቶም የቤቱን እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ለሁሉም እጅ ነሣ።

«ደክማችሁልናል። ለቅሶው ይቅር። ወደየቤታችሁ ግቡ።»

ሰዉ በኮርቾቹ ረድፍ መካከል እያለፈ ተበተነ። ካሰች ነጠላዋን ወደ ወትሮው መለሰች። ጋቢውን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችውና ባሏን ቀድማ መንገድ ገባች፤ ፋንታም የውኃ ቅሉን አንሥቶ ወደ ምንጩ ወረደ።