የመስኮቱ ስፒከሮች

ባለፈው ሳምንት ልጄ እንጅባራ ያለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ አራት ስፒከር ሲገጥም፣ ካርቶኑ ሲቀደድ የወጣው የጣውላና የሙጫ ሽታ ዳንግላ፣ የወንድሜ ሙዚቃ ቤት ድረስ ይዞኝ ሄደ። «እማዬ፣ የኋለኞቹ ወዴት ይዙሩ?» አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ካሴት እየቀዳ ይሸጣል። ደንበኛ ከማስቀዳቱ በፊት ቁጭ ብሎ የሚሰማባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። በውስጧ ሁለት ጥንድ ስፒከር ነበር። አንዱ ጥንድ ወደ ወንበሩ ዞሯል፤ ሌላው መስኮቱ ላይ ሆኖ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቷል፣ ገበያተኛ እንዲጠራ። ለቀበሌው የተነገረው ይህ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ግን ሥራቸው ሌላ ነው። ጴንጤ መሆን በሚያሳስርበት በዚያ ጊዜ ስምንት ዘጠኝ ሆነን እዚያች ክፍል እንሰበሰብ ነበር። ወንድሜ የውስጦቹን ያጠፋና በመስኮቶቹ ዘፈን ለመንገዱ ይለቃል፤ እኛ ከጀርባቸው በለሆሳስ እንዘምራለን።

እኔ፣ ልዋሽ አልችልም፣ የዘፈን ፍቅር አልወጣልኝም ነበር። አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ጫግኒ ሲሄድ የመስኮቶቹን ወደ ውስጥ አዞርኩና አራቱንም ከፍቼ መሃል ተቀመጥኩ። ክራሩ በግራ፣ ዋሽንቱ በቀኝ፣ ዘፋኙ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲህ አላውቅም። ስጨርስ እናታችን የጠለፈችውን ጨርቅ አልብሻቸው ወጣሁ። ጨርቁ ዙሪያቸውን ስለሚሸፍን ፊታቸው ከጀርባቸው አይለይም፤ መልሼ ማዞሩን ረሳሁት።

በማግስቱ ወንድሜ እንደ ልማዱ ቴፑን ከፈተ። ዘፈኑ ክፍሉን ሞላው። ወዲያው ገባኝ። ልነሳ አልኩ፤ ግን አንድ ሽማግሌ ጸሎት ጀምረው ነበር፤ ደግሞም በእነሱ ፊት «ዘፈን ስሰማ ዋልኩ» ማለት አፈርኩ።

«ዛሬስ በዛ፣ ቀንሰው እንጂ ልጄ» አሉ አንዲት እናት። ወንድሜ ቀነሰው። መንገዱ ላይ የሚሰማው ይበልጥ ሳሳ፤ እኛ ደግሞ ዘፈኑን ልናሸንፍ ሳናውቀው ድምፃችንን ከፍ አደረግን። እኔ ብቻ አልዘመርኩም።

መዝሙሩ ሳያልቅ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በሩን ገፍተው ገቡ። «ባለቤቱ ማነው?»

«እኔ ነኝ። እነዚህ እንግዶቼ ናቸው፣ ተዋቸው» አለ ወንድሜ። እሱን ይዘውት ሄዱ።

ከአምስት ወር በኋላ ከስቶ ተመለሰ። በጥፊ ብዛት ግራ ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። በዚያ ላይ የመስኮቶቹ ፊት ወደ ውስጥ ሆኖ ስላገኘው፣ አብረውን ይዘምሩ በነበሩት ሰዎች ቤት እየዞረ «ይቅር በሉኝ፣ ስፒከሮቹን ስወለውል ገልብጬ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ» ይል ነበር። ከልቡ አምኖበታል። እኔ አንገቴን ደፍቼ እከተለዋለሁ።

አንድ ቀን አራቱንም በቀኙ በኩል ደረደርኩለት። «ጎሽ እቴ፣ አሁን ደህና ይሰማኛል» አለኝ። ዞሬ በግራው ተቀመጥኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት፣ ወደማይሰማው ጆሮው። እያወቅኩ ነው። እሱ በዜማው ራሱን እየነቀነቀ ቀጠለ።

ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ቀኝ ጆሮው እስከ መጨረሻው ደህና ይሰማ ነበር።