ሳል ያለበት በቀቀን

ሴትዮዋ የእጅ ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወፍ መሸጫው ገቡ። የሚናገሩትን በቀቀኖች ዋጋ ሰምተው አለፉና ጥግ ካለው በቀቀን ፊት ቆሙ።

«እሱ ይቅርብዎት እማማ» አለ ሻጩ። «አንድ ቃል አይናገርም። የቀድሞ ጌታው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሳቸው የለመደው መሳል ብቻ ነው። ለዚህ ነው የረከሰው።»

በቀቀኑም «እኽ! እኽ!» አለ፤ ቁርጥ የሲጋራ ወዳጅ። ሴትዮዋ እንደገና እስኪስል ጠበቁ።

«ግድ የለም። ሌባ ሲሰማው፣ ቤቱ አሁንም ወንድ አለበት ብሎ ይሄዳል» አሉና ከፈሉ።

ሻጩ በብልጠታቸው እየሳቀ በሩን ከፈተላቸው። ውጭ ነፋስ ነበር፤ በቀቀኑ ሳለ። ሴትዮዋ ሻርፓቸውን ፈትተው የሽቦ ቤቱን አለበሱትና ተቆጡ፦

«ሹራብ ሳትደርብ አትውጣ ብዬ ስንቴ ልንገርህ?»