ካቢኔ የሌላቸው ሚኒስትር

ጋሽ ዘውዴ እዚህ በስደት አገር፣ ዴ ሞይን በምትባለው ከተማ በሚገኘው አፓርታማቸው፣ በተኙበት ማረፋቸውን የሰማነው ባለፈው ማክሰኞ ነው። ያገኟቸው ጎረቤታቸው ናቸው። ሚስትም ልጅም ስላልነበራቸው መርዶ የሚነገርበት ቤት አልነበረም። ወሬው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ዋለ። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ብዙዎቻችሁን አላውቃችሁም።

ሥራቸው በአማርኛ ስም የለውም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማያጋባቸው ጥንዶች ሲኖሩ ሰርጋቸውን ይመራሉ። ጉባኤ የሌለው ሰው ሲሞት የሽኝቱን ሥነ ሥርዓት ያስፈጽማሉ። ከቀብር በፊት የሟቹን ስም በትክክል ለመጥራት ቤተሰቡ ጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደውላሉ። «ስሙን ካበላሸሁት የቀረው ንግግሬ ምን ይረባል?» ይሉ ነበር።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት አካባቢ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ነድተዋል። የማጋባት ፈቃዳቸውን ያገኙት በኢንተርኔት ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ «ሚኒስተር» ስለሚላቸው የድሮ ባልደረቦቻቸው ቀልድ አገኙ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ዛሬስ የት ፓርክ አደረጉ? ሹፌርዎ የታለ?»

«ካቢኔ የሌለኝ ሚኒስትር ነኝ፤ ሹፌሬም እኔው ነኝ» ይሏቸው ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ቃሉ ቀልድ አልነበረም። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ሚኒስተር ማለት ተጸልዮለት፣ እጅ ተጭኖበት የቆመ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው። እህቶች ጋሽ ዘውዴን «በኢንተርኔት የተቀቡት» ይሏቸው ነበር። እኔም አብሬ ስቄአለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ፌቨን፣ ኬቨን የሚባል ልጅ ልታገባ ሆነ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን አያምንም። ፓስተራችን አላጋባም አሉ፤ እኔም ልክ ናቸው አልኩ። ፌቨን ጋሽ ዘውዴን ጠየቀቻቸው። ይህን ስሰማ ሰርጉ ላይ አልገኝም አልኳት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከእርሷ በቀር ማንም የለኝም፤ ቢሆንም አልኩት።

«ኦኬ፣ ማሚ» አለችኝ። ከዚያ መደወል ተወች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘውዴ ቱክዊላ ከተማ ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ።

«የመጡት ሊለምኑኝ ከሆነ አይድከሙ» አልኳቸው።

«ለሥራ ነው የመጣሁት። ፌቨንና ኬቨን! ስማቸው ቀድሞ ተጋብቷል፤ ለእኔ ምን ቀረኝ?»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ሥነ ሥርዓቱን በትልልቅ ፊደል ያተሙበትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። መሐሉ ላይ ግማሽ ገጽ ባዶ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምርቃቱ ነዋ።»

«እርስዎ አይመርቁም እንዴ?»

«እኔ የጋብቻ ወረቀት የማስፈርም ሰው ነኝ። እንዳስፈርም ተፈቀደልኝ እንጂ እንድመርቅ ማን ሾመኝ? እሱ የእናት ነው። ካልመጡ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ፤ በእርስዎ ቦታ የራሴን ቃል አላስገባም።»

«እኔ በኢየሱስ ስም ካልሆነ መመረቅ አላውቅም።»

«ሌላ ይበሉ ማን አለዎት? ልጁን ጠይቄዋለሁ። እናቷ ያሉትን ይበሉ ብሏል።»

ሻይ አፈላሁላቸው። ስለ ሰርጉ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ጠጥተው ሄዱ። ማታ ወደ ፌቨን ደወልኩ።

ሰርጉ ማውንት ቤከር የሚባለው ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ነበር። ጋሽ ዘውዴ ወረቀቱ ላይ ካለው ባዶ ቦታ ሲደርሱ ንግግራቸውን አቆሙ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔም በማውቀው ስም ልጆቼን መረቅሁ። ኬቨን ጎንበስ ብሎ፣ በእኛው አነጋገር «አሜን» አለ።

አሁን የምጽፈው ይከብደኛል። ከሰርጉ ጥቂት ወራት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን እህቶች ጋር ሱቅ ውስጥ ሳለሁ ጋሽ ዘውዴ አዩኝ። «የፌቨን እናት፣ እንደምን ነዎት?» አሉኝ ደስ ብሏቸው። አንገቴን ብቻ ነቅንቄ አለፍኩ። እህቶች ማን ናቸው ሲሉኝ «ፌቨን የምታውቃቸው ሰውዬ ናቸው» አልኩ። ቅርብ ነበሩ፤ ሰምተውኛል። ከዚያ በኋላ ልጄ ዘንድ በየዓመቱ የሰርጓን ቀን እየደወሉ «እናትሽን ሰላም በያቸው» ከማለት በቀር አንድ ቀን አላነሱትም።

ቅዳሜ ልንሸኛቸው አስከሬን ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ከሃያ አንበልጥም። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤው፣ ፈረንጁ ተራርቀን ተቀመጥን። አንድ ሰው እስኪጀምር ሁላችንም ጠበቅን። እንዲህ ባለው ቦታ ሁልጊዜ ይጀምሩልን የነበሩት እሳቸው ነበሩ። አንዱ ከኋላ «ነፍስ ይማር» አለ። እኛ እንዲያ አንልም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ነው የምንለው። ይህን የምለው ዘመድ ካለ ብዬ በዓይኔ ፈለግሁ። የቤተሰቡ ወንበር ባዶ ነበር። ተነስቼ ልናገር አሰብኩ፤ ተቀምጬ ቀረሁ። የአስከሬን ቤቱ ሠራተኛ ሰዓታችሁ አልቋል አለን።

ጋሽ ዘውዴ፣ በእምነቴ ለሞተ ሰው አይጸለይም። ስለ እርስዎ እግዚአብሔርን ከማመስገን ግን የሚከለክለኝ የለም። ልጄን ሰርጓ ቀን ላጣት ነበር፤ ዛሬ ማታ ከባሏ ጋር እራት ልትበላ ትመጣለች። ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት። በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ ሦስት ዓመት ነበረኝ፤ አልነገርኩዎትም። የፊታችን እሁድ በምስክርነት ሰዓት እጄን አወጣለሁ። በጉባኤው ሁሉ ፊት ስምዎን እጠራለሁ፤ የእኔንም ጥፋት እናገራለሁ። ስምዎን አላበላሽም።

ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።