ጫማቸውን ያወለቁ ዕለት

አማቼ ከጓሮ ጎመን ኮትኩተው ሲመለሱ ጫማቸውን ሳይጠርጉ ነበር ቤት የሚገቡት። "አባባ፣ አሁን የወለወልኩትን!" ስላቸው፣ "ጎመኑን ስትበዪ ጭቃው መቼ አስጠላሽ?" ብለው ይስቁብኝ ነበር። ጫማ የሚያወልቁት ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ትንሿ ልጃችን ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተባለ። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ውጭ አገር ሄዳ መታከም ነበረባት፤ ከአገር ለመውጣት መንግሥት የሚሰጠው የመውጫ ቪዛ ደግሞ ለእኛ ብጤ የማይታሰብ ነበር። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሊያያት ወደ ጨለማው ክፍል ሲጠራን፣ አማቼ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

"አባባ፣ ግድ የለም፣ በጫማዎ ይግቡ" አላቸው ሐኪሙ።

"እግዜር የሠራው ልብ በሚታይበት ቤት በጭቃ ልግባ?"

መሣሪያው ደረቷ ላይ ሲያርፍ የደሟ ድምፅ ሽው ሽው ሲል ሰማን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ሐኪሙ ብዙ ካየ በኋላ፣ "ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ በእሱ የሚያልፈው ደም ጥቂት ነው። ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም፤ ስታድግ ሊደፈን ይችላል" አለን።

አውቶቡስ ማቆሚያው ስንደርስ አማቼ በባዶ እግራቸው ነበሩ። "አባባ፣ ጫማዎ!" ብዬ ልመለስ ስል እጄን ያዙኝ። "ተይው፣ ስለቴ ነው።"

አሁን እሳቸው የሉም። ወለሉ ከደጃፍ እስከ ወንበራቸው ንጹሕ ሆኖ ሰነበተ። ትናንት ግን ያቺው ልጄ ከዝናብ ሮጣ ገብታ፣ በጭቃ እግሯ ወንበራቸው ላይ ወጣች። ዱካዋን እስካሁን አልወለወልኩትም።