የእናቴ ግራ እጅ

ከደሴ ሐኪም ቤት ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማ ሊቀይር ጨፋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከማሽላው ማሳ ውስጥ የወንጭፍ ድምፅ ጧ ብሎ ጆሮዬ ገባ። የጡት ካንሰሩ እንደተመለሰብኝ ያን ዕለት ጠዋት ነበር የተነገረኝ፤ ሐኪሙ «ሰኞ ሕክምናውን እንጀምር?» ሲለኝ መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። በመጀመሪያው ጊዜ እጄን ይዞ ያመላለሰኝ ባለቤቴ ካረፈ ገና ዓመት አልሞላውም። ያም ሆኖ ያን ድምፅ ስሰማ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ዞር ብላ እስክታየኝ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ።

እናቴም ይኸው በሽታ ነበረባት። ቀኝ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አውጥተውላት፣ ዳነች ብለን ዱዓ አድርገን፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ተመለሰባት። ያን ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ነበር፤ አባቴም ምግብ አቅርቦ፣ ለምኖ ለምኖ፣ ሳህኑን እንደሞላ ይዞት ይወጣ ነበር። እኔን ከበሽታው ይልቅ ያ ዝምታዋ ያስፈራኝ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ ማሽላው እሸት ያዘና ወፍ ወረደበት። ማሳው መሃል በእንጨት የተሠራው ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ማባረር የእናቴ ሥራ ነበር። ያን ዓመት ግን እኔ ተላክሁ፤ ብጮህ፣ ብወረውር አልሆን ብሎኝ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ባባርራቸውም ተመልሰው ይመጣሉ!»

እናቴ ሻሿን አስራ ተነሳችና ከእኔ ጋር ማማው ላይ ወጣች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቀኝ ክንዷ አብጦ ወደ ላይ አልነሳ ስላላት፣ ወንጭፉን በግራዋ አሽከርክራ ለቀቀችው። ድንጋዩ ወፎቹን ትቶ የጎረቤታችንን የሼህ ዓሊን የውሃ ቅል ሰነጠቀው።

«አንቺ ዘሃራ! ወፎቹ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ!» ብለው ከማማቸው ላይ ጮኹ።

«አብሽሩ ሼህ ዓሊ! ነገ አንቱ ላይ አነጣጥሬ ወፎቹን እመታለሁ!»

በማግስቱ ሼህ ዓሊ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ራሳቸው ላይ ደፍተው ማማቸው ላይ ወጡና፣ «ማሎ ዘሃራ፣ ማሪኝ!» እያሉ እጃቸውን አነሱ። እናቴ የማማውን ቋሚ ይዛ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባቴ ማማው ሥር ድንጋይ እየለቀመ ነበር፤ ሳቋን ሲሰማ ቀና ሳይል ፊቱን በእጀጌው ጠረገ።

«ተመለሱ፣ እማዬ» አልኳት ወፎቹ ሲያንዣብቡ።

«ይመለሱ! እኛስ መች ሄድን?»

በጋውን ሁሉ እንዲያ አልሳቀችም፤ ከአልጋዋ የማትነሳባቸው ቀኖች ነበሩ። በማግስቱ ግን ደርበብ ብላ ትወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት መኸር አየች፤ በመጨረሻው ላይ የሼህ ዓሊን ማሳ ወፎች ጭምር የምታባርረው እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ድንጋይ የሚለቅምላት ሰው ማማዋ ሥር ነበር፤ የእኔ ድንጋይ ለቃሚ ዛሬ የለም። ማሽላው ግን አሁንም ጥቅምት ላይ እሸት ይይዛል፣ ወፎቹም ይመጣሉ። ሰኞ እመጣለሁ ብዬ ለሐኪሙ ደውያለሁ። ይህንን በዝግታ የምጽፈው ቀኝ ክንዴም እንደ እሷ ስላበጠ በግራ እጄ ነው፤ ፊደሎቼም እንደ እናቴ የመጀመሪያ ድንጋይ ከራሳቸው መስመር ወጥተው ጎረቤት ይገባሉ።