ነጩ እሑድ የማን ተራ ነበር

የልጅ ልጄ ገና ሳትወለድ ነው እሑዶቿን የተካፈልናቸው። አባቷ የሳሞአ ሰው ነው። ሳሞአ ከዓለም ጥግ፣ ውቅያኖስ መሃል ያለ የደሴት አገር ነው፤ ልጄ ሰውየውን ላገባው ነው እስክትለኝ ድረስ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። አማቼ በበር ሲገባ በሩን የሚሞላ፣ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ደግ ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያንም አይቀርም። እኔም አልቀርም። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። አንድ እሑድ እኛ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ እሑድ እሱ የሚሄድበት የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ኦስሎ ውስጥ ሮምሶስ ሰፈር ካለው ቤታቸው ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም የተራ ወረቀት ማውጣት ሄልስፊር ሰፈር ቢሮ ሳጸዳ ለምጄዋለሁ። እዚያ የሽንት ቤቱን ጽዳት ሁልጊዜ በአዲስ ገቢዋ ላይ ይጥሉባት ነበር። ተራ በተራ ይሁን ብዬ የሁላችንንም ስም ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አለቃው ሁለት ጊዜ ቀደደው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲህ በእኔ ፊት ተራ የሚነካ የለም።

ስምንት ዓመት ያለ ጠብ ሄድን። ባለፈው ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን ልጅቷ ወጥ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የሚመጣውን እሑድ ትሰጪኛለሽ?»

«የማን ተራ ነው?»

«ያንቺ።»

«ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ነገሩን አስረዳችኝ። በአባቷ አገር በዓመት አንድ ቀን የልጆች እሑድ አለ፤ ነጩ እሑድ ይሉታል። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ጸሎቱን ራሳቸው ይመሩታል፤ እያንዳንዳቸውም ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ጥቅስ ሕዝቡ ፊት ቆመው በቃላቸው ይላሉ። ኦስሎ ያሉት የሳሞአ ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ እስከዚያ ድረስ በየቤታቸው ነበር የሚያከብሩት። በዚያ ዓመት ግን ተሰባስበው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተውሰዋል። እሷም ጥቅስ ተሰጥቷታል።

«ኔይ» አልኳት። እምቢታን በኖርዌይኛ የምናገረው ስጨክን ነው።

ብታለቅስ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አላለቀሰችም።

«ፍትሐዊ አይደለም» አለች። «ያንቺ እሑድ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ነጩ እሑድ በዓመት አንዴ ነው። እሱን ከወሰድሽው ለኔ ዜሮ ነው የሚደርሰኝ። ተራ ማለት ለሁሉም ይድረስ ማለት ነው ብለሽ የለ?»

«መቼ አልኩ?»

«ሊንደሩድ ገበያ። ሴትዮዋ ሰልፉን ጥሳ ስትገባ። ስትጮሂባት።»

ብያለሁ። እውነት ነው። ልጄ ምድጃው ጋ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች።

«ያሳደግሽው ይነክስሻል» አለችኝ።

«ዝም በይ አንቺ!» አልኩና ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «እሺ። ግን እኔም እመጣለሁ። የልጆች ቀን ነው ብለው ትልልቆቹ ራሳቸው የሚደሰቱበት ከሆነ ይዤሽ እመለሳለሁ።»

«ያ!» ብላ በኖርዌይኛ ተስማማችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ሳምንቱን ሙሉ ሊፍት ውስጥም ደረጃ ላይም ጥቅሷን ስትል ከረመች። የሳሞአ ቃል ሁሉ አፍ እንደተከፈተ ነው የሚያልቀው። ትርጉሙን ባላውቅም ሐሙስ ላይ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር።

እሑድ ነጭ ቀሚሷን በእጄ አጥቤ፣ ተኩሼ አለበስኳት። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ በልማድ ጫማዬን ሳወልቅ የማንም ጫማ እዚያ አልነበረም፤ መልሼ አደረግሁት። ውስጡ ነጭ በነጭ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ።

ልጆቹ በየተራ ወጡ። አንዷ ትንሽዬ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ እምቢ አለች፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበላት። ቀጥሎ የኔዋ ወጣች። ቆመች፤ አባቷን አየች፤ እኔን አየች።

የመጀመሪያው ቃል ጠፋባት። እኔ ግን አውቀዋለሁ! ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። ከሦስተኛው ረድፍ ብጥለው ታነሣዋለች። ነገር ግን ከእሷ በፊት ለወጡት ልጆች ማንም አልነገራቸውም፤ ለኔዋ ብቻ መንገር አድልዎ ነው። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ጀመረች። አንድም ቃል ሳትስት ጨረሰችው። አማቼ በነዚያ ትልልቅ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። እኔ አላለቀስኩም፤ ነጠላው ግን ርሷል።

ጸሎቱ አልቆ ረጅም ገበታ ተዘረጋ። እኔም እንደ ማንኛውም ግብዣ ሄጄ ራስጌው ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የት ልቀመጥ? ቀና ብዬ ሳይ ከልጆች በቀር የተቀመጠ የለም። ከኔ የሚበልጡ ሽማግሌ እንኳን ጭማቂ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመው ፈገግ ይላሉ።

አማቼ መጥቶ ጎንበስ አለ። «እማማ…» ብሎ ቀረ። በእሱም አገር ትልቅ ሰው ተነሥ አይባልም። ያለችው ልጅቷ ናት፣ ጮክ ብላ።

«እማማ፣ ተነሺ። ዛሬ መጀመሪያ የሚበሉት ልጆች ናቸው። የሚያቀርቡት ትልልቆቹ ናቸው።»

«እኔም?»

«አንቺም።»

አማቼ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ዓመቱን ሙሉ በእነሱም ዘንድ ልጆች ለትልቅ ሰው አቅርበው፣ ቆመው ዝንብ አባረው፣ በመጨረሻ ነው የሚበሉት። አንድ ቀን ብቻ ይገለበጣል። ይህን ሲለኝ አባቴ ቤት የእጅ ማስታጠቢያ ይዤ የቆምኩባቸው ቀናት ትዝ አሉኝ። እንግዳው ሥጋውን ሲያነሣ በዓይኔ እየተከተልኩ፣ ይቺኛዋ እንኳን ትተርፍ ይሆን እያልኩ። አንድ ቀን ተቀመጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ልጆቼን እንደዚያው አሳድጌያለሁ፤ ለተራ ስጮህ የኖርኩት ሴትዮ።

ተነሣሁ። ገና ሳልርቅ ልጅቷ ራስጌው ላይ ተደላደለች።

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ አንድ ሳህን ዶሮ አነሣሁ። አሳማ የነበረበትን ሳህን ሌላ ሰው ይያዘው ብዬ አለፍኩት። አማቼ በኮኮናት የተሠራ ወጥ ድስት ተሸክሞ ከኋላዬ ይከተላል።

«እማማ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት እሑዶች እርስዎ ይውሰዱ» አለኝ። «ተራዎን ወስደንብዎታል።»

«ይሄ የኔ ተራ አልነበረም» አልኩት። «ያንተም አይደለም፤ የልጆቹ ነው። ማታ ከወረቀቱ ላይ አወጣዋለሁ። አሁን ወሬህን ተውና ድስቱን ወዲያ ውሰድ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለቱ ገና አልደረሳቸውም።»